የድምፁ ስፌት

ሶስና ጥላዬ ቅዳሜ ጠዋት ለወንድሟ ቁርስ ይዛ ስትደርስ የስቱዲዮውን በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ጥበቡ በሩን ሳይዘጋ የሚሠራ ሰው አይደለም። የመንገድ ድምፅ ቀረጻ ያበላሽብኛል እያለ በውስጥ በኩል ወፍራም ብርድ ልብስ ሳይቀር ይሰቅል ነበር። ገፋ አድርጋ ገባች። ብርድ ልብሱ ተገንጥሎ ወድቋል፤ ጊታሩ አንገቱ ተሰብሮ ክሮቹ ተንዠርግገዋል። ከትልቁ ስፒከር ሥር እስከ ደጃፉ ድረስ ደም ተንጠባጥቧል። ወንድሟ የለም። ሳህኑ ከእጇ አመለጠ፤ ጩኸቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ኢንስፔክተር ፈንታነሽ ሙላቴ ከሳጅን ወርቁ ጋር ስትመጣ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የሚወርደው ሰው ከነሸክሙ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰዉን አስበትና ገባች። ፈንታነሽ ብዙ የማትናገር፣ ከመናገር ይልቅ ቁጢጥ ብላ ማየት የምትወድ ሴት ናት። የስፒከሩ የብረት ጥግ ላይ ደምና ጥቂት ፀጉር ተጣብቆ አየች። ጠብታውን ተከትላ ወጣች። ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርስ ጠፋ።

«ተሸክመው ወስደውታል፤» አለ ወርቁ።

«ወይም በእግሩ ሄዷል።»

«ይህን ያህል ደም ፈሶት?»

ፈንታነሽ ወደ ሶስና ዞረች። «ከቤቱ የጎደለ ነገር አለ?»

«ላፕቶፑ የለም፤» አለች ሶስና። «ሥራው ሁሉ እሱ ላይ ነው።»

«ወንድምሽ ሥራው ምንድን ነው?»

«ማሽአፕ ይሠራል።»

ፈንታነሽ ቃሉን ሰምታው አታውቅም። ሶስና ማስረዳት ሲያቅታት ስልኳን አውጥታ ከፈተችላት። መጀመሪያ የሮክ ጊታር መጣ፤ ከባድ፣ ደረት የሚነካ። ከዚያ የአንድ ወጣት ድምፅ ቃላቱን እየደረደረ በላዩ ላይ ወረደ። ቃሉና ምቱ አንድ ላይ ሲያርፉ ወርቁ ሳያውቀው አንገቱን ነቀነቀ።

«ጊታሩ የአለሙ ነው፤» አለች ሶስና። «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ የሮክ ባንድ አለው። ራፑ የይሻው ነው፤ እሱ የሂፕሆፕ ልጅ ነው። ሁለቱ አብረው ሠርተው አያውቁም፤ አይዋደዱምም። ጥበቡ ነው ለየብቻ የሠሩትን ወስዶ የገጠመው። ፍጥነታቸው እኩል እስኪሆን፣ ቃናቸው እስኪስማማ ይቀመጥበታል። አለበለዚያ ሁለት ሬዲዮ ባንድ ላይ እንደመክፈት ነው ይላል። በቴሌግራም አገር ምድሩ ተቀባበለው። የነገ ሳምንት እሑድ ባሕር ዳር መድረክ ላይ ሊያቀርቡት ነበር።»

«የሚጠላው ሰው አለ?»

ሶስና ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «አለሙ ባለፈው ሳምንት እዚህ በር ላይ ጮኾበታል። ጊታሬን ሳታስፈቅደኝ ቆራረጥከው ብሎ።»

«ወላጆቻችሁስ?»

«እናታችን የለችም። አባታችን መሪጌታ ጥላዬ ጉና ሥር ያስተምራሉ፤ ከጥበቡ ጋር ተኳርፈዋል። ዘፈኑን አይወዱለትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወርደው እኔ ጋ ምሳ ይበላሉ።»

ፈንታነሽ ከሰዓት በኋላ ሶስና ወደምትሠራበት ጸጉር ቤት ጎራ ስትል ልጅቷ ሥራዋን ትታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«አባትሽ መጡ?»

«ዛሬስ ቀሩ። አሁን አንድ ሹፌር ‹አባትሽ አትጨነቂ ብለውሻል› ብሎኝ ሄደ። ስለቀሩ እንዳላስብ ብለው ነው መሰለኝ። ምነው ባወቁ! የጥበቡን አልሰሙ። እዚያ ኔትወርክ የለም። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደዚያ የሚወጣ ሰው ፈልጌ እልክባቸዋለሁ።»

*

ከስቱዲዮው ፊት ለፊት ሻይ የሚያፈሉት እትዬ እመቤት ጠዋት ሶስና ከመምጣቷ በፊት ጩኸት ሰምተዋል።

«ታዲያ ለምን አልተጣሩም?» አላቸው ወርቁ።

«አይ ልጄ! ከዚያ ቤት ጩኸት ያልተሰማበት ቀን አለ? ዘፈን መስሎኝ ነዋ!»

«ሲወጣ ያዩት ሰው አለ?» አለች ፈንታነሽ።

«ጎረምሳ አላየሁም። ውሃ ልቀዳ ጓሮ ገብቼም ነበር። ስመለስ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ጋቢ የተከናነበ በሽተኛ ደግፈው ወደ መኪና ሲሄዱ አይቻለሁ። ጠበል የሚሄዱ ናቸው። ቅዳሜ እንደዚያ ያለ ብዙ ነው።»

ወርቁ ወደ ሌላው ጎረቤት አለፈ፤ ፈንታነሽም ተከተለችው።

አለሙን ተከራይቶ የሚኖርበት ክፍል ውስጥ አገኙት። ረጅም፣ ቀጭን ልጅ ነው። የቀኝ እጁ ጣቶች ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

«እጅህን ምን ነካው?»

«የጊታር ክር ተበጥሶ ቆረጠኝ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ለብቻዬ እየተለማመድኩ።»

«ያየህ አለ?»

«ማን ያየኛል?» አለ። ከዚያ የሁለቱን ፊት አየና ድምፁ ተቀየረ። «ጥበቡ ምን ሆነ?»

ሲነግሩት አልጋው ላይ ተቀመጠ። «እኛ እኮ ታርቀናል፤» አለ። «ስሜን ሊጽፍ፣ ጊታሩንም እንዳይቆርጥ ተስማምተናል።»

«ስትታረቁ ማን ነበር?»

«ሁለታችን ብቻ።»

ወርቁ ፈንታነሽን ገልመጥ አድርጎ አያት። ብቻውን ተለማመደ፣ ብቻውን ታረቀ፣ እጁ ግን ቆስሏል።

ራፐሩን ይሻውን በስልክ አገኙት። ሐሙሲት አክስቱ ቤት ነኝ አለ፤ ጥበቡ ጠፋ ሲሉት «ጠፋ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ፤ ከዚያም አለቀሰ። ወርቁ መናኸሪያ ሄዶ አጣራ። የሚኒባሱ ረዳት በደንብ ያውቀዋል፤ ዘፈኑን በቃሉ ይዞታል። «ጠዋት ከእኛ ጋር ነው የሄደ፤» አለ። «ቦርሳውን ጣሪያ ላይ አላስጭንም ብሎ እስከ ሐሙሲት ታቅፎት ነው የሄደ።»

«እሱ ከተማው ውስጥ አልነበረም ማለት ነው፤» አለ ወርቁ ሲመለስ። ፈንታነሽም ተቀበለችው። በኋላ ላይ ያንን ስታስታውስ ጆሮዋ ይሞቅ ነበር፤ ሚኒባሱ ስንት ሰዓት እንደወጣ ሁለቱም አልጠየቁም።

*

እሑድ ሶስና እየሮጠች ጣቢያ መጣች። ከማታውቀው የቴሌግራም አድራሻ የድምፅ መልእክት ደርሷታል። ፈንታነሽ ከፈተችው።

«ጥበቡ… እገድልሃለሁ!»

የአለሙ ድምፅ ነው። ሶስና ታውቀዋለች፤ ወርቁም አወቀው። አለሙን አምጥተው ሲያሰሙት አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ድምፁ የኔ ነው፤» አለ። «ግን አላልኩትም።»

«ድምፁ ያንተ ከሆነ እንዴት አላልከውም?»

«አላውቅም! በእግዚአብሔር ይሁንባችሁ፣ አላልኩትም!»

ማረፊያ ክፍል ገባ። መልእክቱ በየስልኩ ስለተበተነ ከሰዓት በኋላ የጣቢያው በር ላይ ወጣቶች ተሰብስበው «ሬሳውን ያምጣ!» ይላሉ። የአለሙ እናት ከእብናት መጥተው አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ፈንታነሽ ስትወጣ ተነስተው እጇን ያዟት።

«ልጄ ዶሮ ሲታረድ የማያይ ልጅ ነው። ነፍስ አጠፋ ትሉኛላችሁ?»

ፈንታነሽ ደግፋ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ቤቷ ሄዳ የቀረበላትን ራት ሳትነካው ገፋችው።

*

ሰኞ ጠዋት ወርቁ ቢሮ ሲገባ ፈንታነሽ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች። አንዱን ነቅላ ሰጠችው።

«‹ጥበቡ› ሲል ከኋላው ምን ይሰማሃል?»

ወርቁ አዳመጠ። «ዝናብ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ።»

«‹እገድልሃለሁ› ሲልስ?»

እንደገና አዳመጠ። «ዝናቡ የለም። በአንድ ትንፋሽ መሐል አባራ እንዴ?» ከዚያ ፊቱን አጨማደደ። «መጨረሻው ላይ ደግሞ የሆነ ነገር ‹ጭሽሽ› ይላል።»

«አለሙን አምጣው። ሶስናንም አስጠራት። የልጁን ስልክም ከንብረት ክፍል አስወጣ።»

አለሙ ሌሊቱን አልተኛም፤ ዓይኑ ቀልቷል። ፈንታነሽ ወንበር ሰጠችው።

«ለጥበቡ አላልከውም እንበል። ለሌላ ሰው፣ በቀልድም ቢሆን፣ እገድልሃለሁ ብለህ ታውቃለህ?»

ልጁ ጣራ ጣራውን እያየ አሰበ። ድንገት ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ልምምድ ላይ! ለድራመራችን! ሁላችንም ስቀናል። ስልኬ ላይ ቀርጸነዋል።»

ፈልጎ ከፈተው። የጊታርና የድራም ውርጅብኝ፣ ከዚያ የአለሙ ድምፅ፦ «ኧረ ድራሙን ካልቀነስክልኝ እገድልሃለሁ!» የድራመሩ ሳቅ፣ የድራሙ የብረት ሳህን የሲምባሉ ‹ጭሽሽ›። ፈንታነሽ ሁለቱን አከታትላ አሰማች። ቃሉ ያው ነው፣ ትንፋሹ ያው ነው፣ ‹ጭሽሽ› እንኳ ያው ነው።

«ሰው አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ሲናገር እንዲህ አንድ ዓይነት አይወጣለትም፤» አለች። «ከዚህ ላይ ቆርጠው ነው የሰፉት። ስሙን ደግሞ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ከላክህለት መልእክት ወስደውታል። ይህን ቅጂ ለማን ሰጥተሃል?»

«ለጥበቡ ብቻ። ስንታረቅ ጊታሩን ከነድራሙ እንዲሰማው ብዬ ላክሁለት።»

«ለምን ትናንት አልነገርከንም?»

«ታርቀናል ብዬ ተናግሬ ነበር፤» አለ አለሙ። «ማን ሰማኝ?»

ፈንታነሽ አንገቷን ደፋች። «ልክ ነህ። ይቅርታ።»

ወርቁ ግን ሌላ ነገር መጥቶበታል። «ቅጂው ጥበቡ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ከሆነ፣ መቁረጥና መስፋትም የእሱ ሙያ ከሆነ… ራሱ ጥበቡስ ቢሆን? ደም አፍስሶ፣ ጠፋሁ ብሎ፣ ስሙን ለማስጠራት?»

ፈንታነሽም ይህን አስባው ነበር፤ ስታስበው ደግሞ ልጁ በሕይወት አለ ማለት ስለሆነ እውነት በሆነ ብላ ተመኝታለች። ሶስና ግን ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ።

«ይሄን? ጥበቡ? የሲምባሉን ጭራ እንዲህ አንጠልጥሎ? ዝናቡን መሐል ላይ በጥሶ? እሱ ለአንዲት ትንፋሽ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ነው! እሱ ቢሠራው ኖሮ ስፌቱን ማናችሁም አታዩትም ነበር። ይሄ የጀማሪ ሥራ ነው።»

«ጀማሪው ማን ነው?»

ሶስና ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። «ይሻውን ያስተምረው ነበር።»

ወርቁ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ቦርሳው! ታቅፎት የሄደው ቦርሳ!»

*

ላፕቶፑን ሐሙሲት፣ አክስቱ ቤት፣ ከአልጋ ሥር አገኙት። ሚኒባሱም የወጣው እትዬ እመቤት ጩኸቱን ከሰሙ በኋላ ነው። ይሻው አልተከራከረም። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ፣ መድረክ ላይ ቃል የማያልቅበት ልጅ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ ተናገረ።

«ድምፄን ቆረጠው፤» አለ። «አብረን ወደ ባሕር ዳር ልንደውል ነበር በጠዋት የተገናኘነው። ‹አዲሱን ስማው› አለኝ። ሰማሁት። የግጥሜን ግማሽ አውጥቶ ጊታር ሞልቶበታል። ‹ጊታሩም ይተንፍስ እንጂ› አለኝ። እኔስ? ሰዉ የወደደው የኔን ቃል አይደለም? ጊታሩን አንስቼ መሬት ላይ ፈጠፈጥኩት። ሊይዘኝ ሲመጣ ገፋሁት። ስፒከሩ መታው። ተነስ ብለው፣ ተነስ ብለው… አልተነሳም።»

«ከዚያ?»

«አዲሱ ሥራ ከተገኘ ምክንያቱ ይታወቃል ብዬ ላፕቶፑን ይዤ ሮጥኩ። ሞቷል ብዬ ነው። አለሙ ላይ እንዲሆን ብዬ… ያንን ሠራሁ።»

«ሬሳውን የት ወሰድከው?»

ይሻው ቀና አለ። «አልነካሁትም! ማርያምን! እዚያው ነው ትቼው የሄድኩት። ጠፋ ስትሉኝ እኔም ግራ ገባኝ።»

ፈንታነሽ ዓይኑን አየችው። አመነችው። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። የወደቀ ሰው፣ የተከፈተ በር፣ መንገድ ላይ ሲደርስ የሚጠፋ ጠብታ። ቁስሉ ላይ የሆነ ነገር ካልተጠመጠመ በቀር ደም በድንገት አይቆምም። ጋቢ ለምሳሌ።

ሶስና አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ፈንታነሽ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አባትሽ አትጨነቂ ብለው የላኩብሽ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ከሰዓት።»

«ጥበቡ መጥፋቱን የላክሽባቸውስ?»

«እሑድ።»

«ታዲያ ሳይሰሙ ስለ ምኑ ነው አትጨነቂ ያሉሽ? አባትሽ ጥምጥም ያደርጋሉ አይደል?»

ሶስና ከአግዳሚው ላይ ብድግ አለች።

*

ወደ ጉና ከመነሳታቸው በፊት ፈንታነሽ አለሙን ራሷ ከማረፊያ ክፍሉ አውጥታ ስልኩን መለሰችለት። እናቱ አጥሩ ሥር ሆነው አዩት። ነጠላቸው ከትከሻቸው ሲወድቅ አላነሱትም፤ ልጃቸውን አንገቱን ይዘው ጎንበስ አደረጉት፣ ፀጉሩን እንደ ሕፃን እየደባበሱ ሳሙት።

መኪናው ጥርጊያው እስከሚያልቅበት ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ነፋሱ የገብሱን ማሳ ያስተኛዋል፤ ጉና ጫፉን ጉም ሸፍኖታል። ወርቁ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው በስንተኛው ቀን ምን እንደሚሆን ሊናገር ሲጀምር ፈንታነሽ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ሶስና ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ዳገቱን ቆም ሳትል ነው የወጣችው።

መሪጌታ ጥላዬ ከቤታቸው ደጃፍ ቆመው ነበር። ጥምጥማቸው ነጭ ነው፤ ጋቢ ግን አልለበሱም። ልጃቸውን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በሉ፣» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ፤ «አሁን ገና አረፈ።»

ሶስና ጭቃው ላይ በርከክ አለች። ፈንታነሽ እዚያው ደርቃ ቀረች።

«ኧረ እንቅልፍ ነው!» አሉ መሪጌታ ደንግጠው፣ ልጃቸውን ለማንሳት እየሮጡ። «እንቅልፍ ነው ልጄ! ራሱን ሲያመው አድሮ አሁን ገና ተኛ ማለቴ ነው! አንደበቴን ይቁረጠው!»

ጥበቡ መደብ ላይ በአባቱ ጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ራሱ በንጹሕ ፋሻ ታስሯል። ፈንታነሽ ጎንበስ ብላ ትንፋሹን ሰማች፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

መሪጌታ ነገሩን በዝግታ ነገሯቸው። ቅዳሜ ጠዋት ከሌላው ሰው ጋር በጭነት መኪና ወደ ገበያ ወርደዋል። በስቱዲዮው በኩል ሲያልፉ በሩ ክፍት ነው። ሲገቡ ልጃቸው በደም ተነክሮ ሊነሳ ይታገላል።

«ቤት ውሰዱኝ፣ ለማንም አይንገሩ ይለኛል። ማን መታህ ብለው አይናገር። የመታው ተመልሶ ይመጣል ብዬ ፈራሁ። በመጣሁበት መኪና ይዤው ተመለስኩ። መንገድ ላይ ጤና ጣቢያ ሰፉለት።»

«ፖሊስ ጣቢያ ቢመጡ ኖሮ!» አለ ወርቁ።

«እሱስ እውነትህን ነው። ድንጋጤ ልብ አሳጣኝ።» ወደ ሶስና ዞሩ። «ላንቺ ግን ወንድምሽ እኔ ጋ ነው፣ አትጨነቂ በልልኝ ብዬ ለሹፌሩ ነግሬዋለሁ።»

«‹አትጨነቂ ብለውሻል› ብቻ ነው ያለኝ!»

«ወይ ጉድ!»

«እሑድ የላክሁት ሰውስ አልደረሰም?»

«ደረሰ እንጂ። እኔ ጋ ነው በላት ብዬዋለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ ያደርስልሻል።»

ወርቁ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ውጭ ወጣ። ፈንታነሽ ግን አንድ ያልገባት ነገር ነበር።

«መሪጌታ፣ ከጉና የሚወርደው የገበያ መንገድ በዚያ በኩል አያልፍም። ከጥበቡ ጋርም አይነጋገሩም። ምን ወሰደዎት?»

ሽማግሌው የእጃቸውን ጣቶች ማየት ጀመሩ። «ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በኩል አልፋለሁ። በሩ ላይ ትንሽ ቆም እላለሁ። ጩኸቱን አልወደውም፤ አሁንም አልወደውም። ልጄ ውስጥ እንዳለ ግን ያሳውቀኛል። ያን ዕለት ድምፅ አልነበረም። ስለዚህ ገባሁ።»

ከመደቡ በኩል ማቃሰት ተሰማ። ጥበቡ ዓይኑን ገልጦ እህቱን አየ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሶስና ተንደርድራ ሄዳ ትከሻውን በጥፊ አጮለችው፤ ከዚያ እዚያው ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«ይሻው ተናገረ?» አለ ጥበቡ ዓይኑን ወደ ፈንታነሽ አንስቶ። «ሆን ብሎ አይደለም። ተናዶ ነው።»

«እሱን ሕግ ያየዋል፤» አለች። «ያንተንም ቃል ይሰማል። አሁን ግን ተነስ። ጭንቅላትህን ሐኪም ሳያይህ እኔ እንቅልፍ የለኝም።»

በቅሎ ላይ አስቀምጠውት ወረዱ፤ መሪጌታ በአንድ ጎን፣ ሶስና በሌላው ደግፈውት። ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ሲደርሱ ፈንታነሽ ለአለሙ ደወለችና ስልኩን ለጥበቡ አቀበለችው።

«አለሙ፣» አለ ጥበቡ፤ «በኔ ምክንያት ታሰርክ አሉኝ።»

ከወዲያ በኩል አንድ የታፈነ ለቅሶ ሲፈነዳ ሁሉም ሰሙ። «እሱን ተወው! አለህ? ጥበቡ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«እንደገና በለው!»

«አለሁ አልኩህ እኮ!»

ከሁለቱ አንዱም ስልኩን አልዘጋም። ፈንታነሽ ስልኳን ሳትጠይቅ ቀድማቸው ቁልቁለቱን ወረደች። ከመንደሩ ሴቶች አንዷ ለመንገድ ያስያዘቻትን የተቀቀለ ድንች ከኪሷ አወጣች። ገና ትኩስ ነበር። እንዴት እንደራባት ያወቀችው ያኔ ነው።